የ6 ዓመቷ ልጄ «ዛሬ ለእግዚአብሔር ምን ልንገረው?» ትለኛለች፤ እናንተ ቤት ከልጆች ጋር ጸሎት እንዴት ነው?

የሳሪሷ እናት (ክሩን የከፈተች)

ሰላም ለዚህ ቤት። ሁለት ልጆች አሉኝ። ትልቁ 9፣ ትንሿ 6 ዓመቷ ነው። ማታ ማታ በስመ አብ ብለን፣ አቡነ ዘበሰማያትንና እመቤታችን ማርያም ሆይን ደግመን እንተኛለን። ትልቁ በግዕዝም በአማርኛም ጥንቅቅ አድርጎ ይወጣዋል። ግን አሜን ብሎ ሳይጨርስ ብርድ ልብሱ ውስጥ ነው። ምን እንዳለ ብትጠይቁት «ጸሎት ነዋ» ይላችኋል።

ትንሿ ደግሞ ጸሎቱን ገና አልያዘችውም። ወሬዋ ግን አያልቅም። መሀል ላይ አቋርጣ «እግዚአብሔር ጥርሴ እንደተነቃነቀ ያውቃል?» ትላለች። ወንድሟ ይቆጣታል። «ጸሎት ላይ አይወራም!» ይላታል። ባለቤቴም መጀመሪያ የአባቶችን ጸሎት ትያዝ፣ ሌላው በኋላ ይደርሳል ባይ ነው። እኔ ደግሞ ያ ወሬዋ ራሱ ጸሎት ይመስለኛል። ብቆርጠው ተመልሶ የሚመጣ አይመስለኝም።

እናንተስ እንዴት ታደርጋላችሁ? እባካችሁ ጥቅስ ብቻ ለጥፋችሁልኝ አትሂዱ። ቤታችሁ የምታደርጉትን ንገሩኝ።

የሕፃናት ክፍል መምህር

እህቴ፣ እኔ ሰንበት ትምህርት ቤት ውስጥ ትንንሾቹን ነው የማስተምረው። ትንሿን አትቁረጫት፣ ወንድሟም አይቆጣት። አቡነ ዘበሰማያትንም ግን አትተዪ። ደቀ መዛሙርቱ «መጸለይ አስተምረን» ሲሉት ጌታ «የመጣላችሁን በሉ» ብሎ አልሸኛቸውም። ቃል ሰጣቸው (ሉቃ. 11)። በማቴዎስ ወንጌል ደግሞ ያንኑ ጸሎት የሰጠው «በከንቱ አትድገሙ» ካለ በኋላ ነው። ሁለቱም እዚያው አንድ ምዕራፍ ላይ አሉ። ስለዚህ አንቺም ባለቤትሽም ልክ ናችሁ፤ አትጣሉ።

እኛ ክፍል የምናደርገውን ልንገርሽ። አባታችን ሆይን ሙሉውን ከማስያዛችን በፊት እየቆራረጥን በቀኑ ውስጥ እንበትነዋለን። «የዕለት እንጀራችንን ስጠን ዛሬ» የሚባለው ምሳ ዕቃ ሲከፈት ነው። «ከክፉ ሁሉ አድነን» መብራት ሲጠፋ። (ለዚህኛው ልምምድ ዕድል አጥተን አናውቅም።) «በደላችንን ይቅር በለን፣ እኛም የበደሉንን ይቅር እንደምንል» የምትለዋን ደግሞ ሁለት ልጆች ተጣልተው ሲታረቁ እጅ ለእጅ አያይዘን እናስደግማቸዋለን። አንዷ ልጅ «እስክሪብቶዬን ካልመለሰልኝ ይህቺን አልላትም» ብላ አፏን ግጥም አድርጋ ዘጋች። ሳቄ መጣ። ግን ጸሎቱ ገብቷታል። ስንት ትልቅ ሰው ነው እዚያች ቦታ ላይ ሳይቆም የሚያልፈው!

እንዲህ ሲሆን ሙሉውን ስታስደግሚያቸው እያንዳንዷ ዐረፍተ ነገር የሆነ ቀን ትዝታ አላት።

የሳሪሷ እናት

መምህር፣ ይህን ነገ እጀምረዋለሁ። የመብራቱን በተለይ።

አባ ወራ ዘሐዋሳ

እኛ ወንጌላውያን ቤት ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። የተጻፈ ጸሎት የለንም ማለት ይቻላል። ማታ ተራ በተራ በራሳችን ቃል ነው የምንጸልየው። የ5 ዓመቱ ልጄ ተራው ሲደርስ ዓይኑን ጨፍኖ፣ አንድ እጁን ወደ ላይ ዘርግቶ፣ ድምፁን አጎርንኖ «ጌታ ሆይ! በኃይልህ! በእሳትህ!» ይላል። መጋቢያችንን ቁጭ! እንግዳ ሲመጣ «እስቲ ጸልይልን» የሚሉት ዘመዶች አሉ። እኔ አልፈቅድም። ልጁ የሚያየው ጣሪያውን ሳይሆን እነሱ መሳቅ አለመሳቃቸውን ነው።

ስለዚህ አሁን ከጸሎቱ በፊት እናወራለን። «ዛሬ ምን ደስ አለህ? ምን አስከፋህ?» ይነግረኛል። «በል ይህንኑ ለጌታ ንገረው፤ ለእኔ ባወራህበት ድምፅ» እለዋለሁ። ባለፈው ያለው ይህ ነው፦ «ኳሴ አጥር ዘሎ ሄደ። አባዬ አዲስ አልገዛም አለ። አሜን።» እኔ ከዚህ በላይ ምንም አልፈልግም። (ኳሱን ግን ገዛሁ። ምን ላድርግ!)

እህቴ፣ የልጅሽ የጥርስ ወሬ ጸሎት ነው። አትጠራጠሪ።

ዝም ያለ ሰው

እኔ ልጅ የለኝም። ግን ልጅ ነበርኩ፤ ስለዚህ ልናገር። አባታችን ከሌሊቱ 10 ሰዓት ይቀሰቅሱን ነበር። ቆመን እስኪያልቅ። ያንቀላፋ በጥፊ። ስናጠፋ ቅጣታችን ስግደት ነበር። ዛሬ ትልቅ ሰው ሆኜ በስመ አብ ስል መጀመሪያ የሚታወሰኝ ብርዱና የአባቴ እጅ ነው። እሳቸውን አልወቅስም፣ የተማሩት እንደዚያ ነው። ብቻ ጸሎትን ቅጣት አታድርጉት። «ሂድና ስገድ!» አትበሉ። «እግዚአብሔር ይቀጣሃል» እያላችሁም ምሳ አታስበሉ።

ወለተ ሚካኤል

@ዝም ያለ ሰው፣ የደረሰብህ ያሳዝናል። ግን ከዚያ ሸሽተን ደግሞ «ልጁ ደስ ሲለው ይጸልይ» ወደሚለው እንዳንሄድ። ጥርሱን መቦረሽስ ደስ ሲለው ነው እንዴ? ልጅ ሥርዓት ይፈልጋል። እኛ ቤት ነጠላ ይለበሳል፣ ወደ ምሥራቅ ይቆማል፣ ማማተብ አይዝረከረክም። ከግንባር ወደ ታች፣ ከግራ ወደ ቀኝ። ዝንብ የሚያባርር የሚመስል ማማተብ አልወድም፤ አስደግመዋለሁ። ግን ጸሎቱ አጭር ነው። ቡና አንድ ጊዜ እስኪፈላ እንኳ አይቆይም። ረጅሙን ለፍልሰታ እናቆየዋለን። ነሐሴ ሲገባ ልጆቹ ራሳቸው «እንጾማለን፣ እንቆርባለን» ብለው ነው የሚያስቸግሩኝ። ያኔ ውዳሴ ማርያሙ የዕለቱን ብቻ ይደገማል። ለ7ቱ ቀን መከፈሉ ለልጅ እንዴት እንደሚመች!

የሕፃናት ክፍል መምህር

በሁለታችሁ መሀል ልግባ። ስግደት ቅጣት ሲሆን ልጁ ስግደትን ይጠላል፤ ዝም ያለ ሰው እውነቱን ነው። ወለተ ሚካኤልም እውነቷን ነው፤ ሰዓት ያልተሰጠው ጸሎት ቴሌቪዥን ይበላዋል።

ቤተ ክርስቲያናችን 7 የጸሎት ጊዜያት አሏት። ነግህ፣ ሠለስት፣ ቀትር፣ ተሰዓት፣ ሠርክ፣ ንዋም፣ መንፈቀ ሌሊት። ሕፃን ሁሉንም ይጠብቅ አይባልም። ግን ልብ በሉ፣ ቀትር 6 ሰዓት ነው፣ ጌታ የተሰቀለበት። የተማሪ ምሳ ሰዓትም ነው። ልጁ ምሳ ዕቃውን ከመክፈቱ በፊት ቢያማትብና አንዲት ቃል ቢል የቀትር ጸሎቱን አደረሰ። ማንም ሳያየው። ንዋም መኝታው ነው። ነግህ ፊቱን ሲታጠብ ነው። ይኸው 3 ሞላለት።

የልጅ ልጅ

ሰላም። አያቴ አጠገቤ ናት፤ የጻፋችሁትን ሳነብላት «እኔም ልናገር፣ ጻፊልኝ» አለችኝ። ከዚህ በታች ያለው የእሷ ነው፦

«እንደምን ሰነበታችሁ ልጆቼ። እኛ ጸሎት ያስተማረን የለም። የኔታ ዘንድ ፊደል፣ አቡጊዳ፣ መልእክተ ዮሐንስ፣ ከዚያ ዳዊት የሚማረው ወንድሜ ነበር። ሴት ልጅ ቤት ነው የምትውል። እኔ የሰማሁት እናቴን ነው። ሊጥ አቡክታ ስትጨርስ ቡሃቃው ላይ በጣቷ መስቀል ትሠራለች። «አንተው ባርከው» ትላለች። ደጅ ስትከፍት «በሰላም ያወጣኸን በሰላም አግባን» ትላለች። ዶሮ ብትጠፋባት እንኳ ለማርያም ትነግራለች። ስትቆጣም እሱኑ ነው የምታወራው፣ «አየህልኝ አይደል!» እያለች። እኔ ሌላ ሰው ቤት ውስጥ ያለ ይመስለኝ ነበር። ኋላ ነው የገባኝ። ልጆቻችሁ ሲጸልዩ ትሰማላችሁ፣ እናንተ ስትጸልዩስ ይሰማሉ? አሁን ሁሉም በሆዱ ሆነ። አፋችሁን ክፈቱ።»

አለች። አሁን ደግሞ «ያንን ክፉ ነገር ዝጊና ቡናውን አቅርቢ» እያለችኝ ነው።

ቡና ቢሉ

እማማ እንዴት ጣፈጡኝ! ያሉት እኮ እውነት ነው። ታክሲ ውስጥ አስተውላችሁ ታውቃላችሁ? ሚኒባሱ በቤተ ክርስቲያን ደጅ ሲያልፍ ግማሹ ሰው ያማትባል፣ አንገቱን ሰበር ያደርጋል። ልጄ ማንም ሳያስተምራት ያንን ያዘች። አሁን እኔ ስልኬ ላይ አፍጥጬ ከዘለልኩ ትጎነትለኛለች። «እማዬ፣ ገብርኤልን አለፍነው!»

ቨርጂንያ 22

እኔ ያለሁት አሜሪካ ነው። ሌሊት ነው የምሠራው፤ ጠዋት ልጆቹን ትምህርት ቤት የማደርሳቸው እኔ ነኝ። ቤት ውስጥ ጊዜ ስለሌለ መኪና ውስጥ ነው የምንጸልየው። ቀይ መብራት ላይ ስንቆም አንዱ ይጀምራል። ችግሬ ቋንቋው ነው። በራሳቸው ቃል ሲሆን «ዲር ጎድ» ብለው በእንግሊዝኛ ነው የሚቀጥሉት። እሱን ሲያወሩ ልባቸው ይከፈታል። ለጓደኛቸው ውሻ ሳይቀር ይጸልያሉ። በአማርኛ ሲሆን ግን አንድ ዐረፍተ ነገር ላይ ያልቅባቸዋል። አማቴ ከአገር ቤት መጥተው እኛ ጋ ናቸው። «ለፈረንጅ አምላክ ነው እንዴ የሚጸልዩት?» ይላሉ። ቤት ውስጥ ትንሽ ጭቅጭቅ ሆኗል። ምን ትላላችሁ?

አባ ወራ ዘሐዋሳ

ወንድሜ፣ ልብ በተከፈተበት ቋንቋ ይጸልዩ። በዓለ ሃምሳ ላይ ያ ሁሉ ሕዝብ በየቋንቋው አይደል የሰማው?

ወለተ ሚካኤል

የራሳቸውን በእንግሊዝኛ ይበሉ፣ እኔም አልከለክልም። አቡነ ዘበሰማያትን ግን በግዕዝ ወይም በአማርኛ ያዝልኝ። አለበለዚያ ቅዳሴ ላይ ሕዝቡ በአንድ ድምፅ ሲለው የአንተ ልጆች ግድግዳ ያያሉ። ቅዳሴው ደግሞ ረጅም ነው፣ አንተም ታውቀዋለህ። ልጅ የሚመልሰው ነገር ካለው ነው የሚቆመው። «እግዚኦ ተሣሃለነ» ስትባል የእኔዎቹ ሰውን ሁሉ አልፈው ነው የሚጮኹት። አማትህን ደግሞ ሥራ ስጣቸው። በሳምንት አንድ ቀን እሳቸው ያስደግሟቸው። ጭቅጭቁ ያኔ ይበርዳል።

ቨርጂንያ 22

ስለ አማቴ ያልሽው ጥሩ ነው። ቅዳሜን እሰጣቸዋለሁ። ለእኔም እንቅልፍ ነው።

እናት ነኝ

ልጠይቅ፣ ግን አትሳቁብኝ። የ8 ዓመት ልጄ ትናንት ማታ አቡነ ዘበሰማያትን ጨርሶ፣ እጁን እንዳጣጠፈ፣ «እግዚአብሔር ሆይ፣ የሒሳብ መምህሬን ጉንፋን አስይዝልኝ። ሰኞ እንዳይመጣ። አሜን» አለ። ክው አልኩ። ምን እንደምለው ጠፍቶኝ መብራቱን አጥፍቼ ወጣሁ። እንዲህ ያለው ጸሎት ኃጢአት አይሆንበትም?

ቡና ቢሉ

ጉንፋን ብቻ? ልጁ ርኅሩኅ ነው 😂

የሕፃናት ክፍል መምህር

አትደንግጪ እህቴ። ዳዊት በመዝሙሩ የጠላቶቹ ጥርስ እንዲሰበር ሁሉ ለምኗል። ያንን ጸሎት አባቶቻችን ከመዝሙሩ አልፋቁትም። ልጅሽም የከፋውን ወደ ትክክለኛው ቦታ ነው የወሰደው። «እንዲህ አይባልም» ብትዪው ነገ ለእግዚአብሔር የሚነግረው ጨዋ ጨዋውን ብቻ ይሆናል። ይልቅ ነገ ማታ አጠገቡ ቁጭ በዪና «መምህሩ ምን አደረገህ?» በዪው። መጀመሪያ ይህን እወቂ። ይቅርታው ከዚያ በኋላ ነው የሚመጣው።

እናት ነኝ

ጠየቅኩት። መልሱን ስለሳተ ሰሌዳው ጋ አቁሞት ክፍሉ ሁሉ እንዲስቅበት አድርጓል። ያውም በተደጋጋሚ። ለእኔ አንድም ቀን ነግሮኝ አያውቅም፤ ለእግዚአብሔር ነገረው። ትምህርት ቤቱ ሄጄ ተነጋግሬያለሁ። ማታ ደግሞ አብረን «መምህሩንም እኛንም ልብ ስጠን» አልን። እሱ ቀጠለና «ጉንፋኑ ግን ይቅር፣ ትንሽ ሳል ይሁን» አለ። ገና ነን።

ስደተኛዋ

እስካሁን ዝም ብዬ ሳነብ ነበር። እኔ ሪያድ ነኝ፤ ሰው ቤት ነው የምሠራው። ልጄ 7 ዓመቱ ነው፣ ደሴ እናቴ ጋ ነው። እዚህ ቤተ ክርስቲያን የለም። ድምፄን አውጥቼም አልጸልይም። ማዳም ከተኛች በኋላ በኢሞ እደውላለሁ። ስልኩን ግድግዳው ላይ አስደግፌ፣ ጆሮዬ ላይ ሰክቼ፣ ሻርፔን አጣፋለሁ። እሱ ይደግማል፣ እኔ ከንፈሬን ብቻ ነው የማንቀሳቅሰው። ኔትዎርኩ ሲቆራረጥ «ትምጻእ መንግሥትከ» ላይ ይቆምና ፊቱ ደርቆ ይቀራል። እስኪመለስ እጠብቃለሁ። ሲጨርስ «የራስህን ጨምር» እለዋለሁ። ሁልጊዜ አንድ ነው የሚለው። «እናቴን ቶሎ አምጣልኝ።» ከዚያ ይጠይቀኛል፣ «እግዚአብሔር መቼ ነው እሺ የሚለው?» ይላል። ኮንትራቴ ገና ነው። ምን ልበለው?

ወለተ ሚካኤል

እግዚአብሔር ያበርታሽ እህቴ። ሌላ ቃል የለኝም።

ቨርጂንያ 22

አይዞሽ። ለልጅሽ ዕድሜ ይስጠው።

የልጅ ልጅ

ለአያቴ አነበብኩላት። ብዙ ቆይታ ነው የመለሰችው። እንዳለችው ልጻፈው፦

«ልጄ፣ ሐናም እንዳንቺው ከንፈሯ ብቻ ነበር የሚንቀሳቀስ፣ ድምፅዋ አይሰማም። ካህኑ ዔሊ የሰከረች መስሎት ተቆጣት። ያን የለመነችውን ልጅ ደግሞ አጠገቧ አላሳደገችውም። ጡት ካስጣለችው በኋላ ለቤተ መቅደስ ሰጠችው። በዓመት በዓመት ትንሽ መደረቢያ እየሠራች ትወስድለት ነበር። ቁመቱን በምን ታውቀው እንደነበር እግዜር ነው የሚያውቅ። ያ ልጅ ሳሙኤል ነው፤ እግዚአብሔር በስሙ የጠራው። እናቱ ሩቅ ሆና ነው የሰማው።

አሁን ለልጅሽ እውነቱን ንገሪው። ሥራሽን በእግዚአብሔር ላይ አታላክኪ። «ኮንትራቴ በእንዲህ ያለ ወር ያልቃል፣ የዚያን ጊዜ እመጣለሁ» በዪው፣ ወሩንም ጥቀሺለት። አለዚያ እግዚአብሔር እምቢ ያለው ይመስለዋል። አንቺ ደግሞ እሱ እየሰማ ስለ እሱ ጸልዪ። በሹክሹክታም ቢሆን። ልጅ ስሙ ሲጠራ መስማት አለበት።»

የሕፃናት ክፍል መምህር

እማማ ካሉት ላይ አንድ ነገር ልጨምር። ከትልቁ ልመና ጎን ለጎን የዕለቱን ትንሽ ልመና ስጪው። «ዛሬ እናቴን እንዳይደክማት» ይበል። በማግስቱ «ትናንት እንዴት ዋልሽ?» ብሎ ይጠይቅሽ። አንቺም እውነቱን ንገሪው፤ ደክሞሽ ከነበረ ደክሞኛል በዪው። መልስ የሚመጣበት መንገድ ብዙ እንደሆነ እንዲህ ነው የሚለምደው።

ስደተኛዋ

ዛሬ ወሩን ነገርኩት። ሚያዝያ ነው። «ከፋሲካ በፊት ነው በኋላ?» አለኝ። ቆጥሬ እነግርሃለሁ አልኩት። እማማን እጃቸውን ሳሚልኝ።

የጠፋሁት እኔ

ከባድ ነገር ይዤ መጣሁ፣ ይቅርታ። እናቴ ካረፉ ገና ነው። የ7 ዓመቷ ልጄ በታመሙበት ጊዜ ሁሉ በየማታው ስትጸልይላቸው ነበር። አሁን አልጸልይም አለች። «ለመንኩት፣ አልሰማኝም» ነው የምትለው። ለቅሶ ላይ የመጡ ሰዎች ደግሞ «እግዚአብሔር ስለሚወዳት ነው የወሰዳት» ይሏታል። እሷም «እኔንም ከወደደኝ ይወስደኛል?» ብላ ማታ መተኛት ፈራች።

አባ ወራ ዘሐዋሳ

እግዚአብሔር ያጽናችሁ። «ስለሚወዳት ወሰዳት» የሚለውን ከቤታችሁ አውጡት። ሰው ለማጽናናት ብሎ ነው፣ ግን ለልጅ ማስፈራሪያ ነው። ጌታ ራሱ በጌቴሴማኒ «ይህች ጽዋ ከእኔ ትለፍ» ብሎ ለምኗል። ጽዋዋ አላለፈችም። ለልጅ ይህን ታሪክ መንገር አይከብድም። «የእግዚአብሔር ልጅም ለምኖ እምቢ የተባለበት ቀን አለ» በላት። በአልዓዛር መቃብርም አልቅሷል። አልጸልይም ካለች ደግሞ አታስገድዷት። አንተ አጠገቧ ሆነህ ጸልይ፤ እሷ ትስማ።

የሕፃናት ክፍል መምህር

ወንድሜ የሐዋሳው ጥሩ ብሏል። እኔ የምጨምረው፣ መቀየሟንም ትንገረው። «ተቀይሜሃለሁ» ማለትም እሱን ማናገር ነው። ደግሞ በእኛ ሥርዓት ለአያቷ መጸለይ አላበቃም። ፍትሐቱ አለ፣ 40ው አለ። «አያቴን ነፍሷን ማርልኝ» ትበል። ልጅ ለምትወደው ሰው አሁንም የምታደርገው ነገር እንዳላት ስታውቅ ትረጋጋለች።

ሁሉን መርምሩ

መጽሐፍ ቅዱስ ላይ ለሞተ ሰው ጸልዩ የሚል የት አለ? ልጆችን አታሳስቱ።

ወለተ ሚካኤል

ይህን የምትጠይቅበት ክር ይህ ነው? ሰው ሐዘን ላይ ነው እኮ!

አወያይ

እዚህ ላይ ቁሙ። ስለ ጸሎተ ፍትሐት ሌላ ክር ከፍታችሁ ተነጋገሩ። ከዚህ በኋላ የሚመጣውን አጠፋለሁ። የጠፋሁት እኔ፣ እግዚአብሔር ያጽናህ። ቀጥል።

የጠፋሁት እኔ

ምንም አይደል። ትናንት ማታ ብቻዬን ድምፄን አውጥቼ ስጸልይ በሩ ጋ ቆማ ሰማችኝ። እኔ «እናቴን አስባት» ስል «ስሟንም ጥራ፣ እናቴ ብቻ ካልከው በምን ያውቃታል» አለችኝ። ሄደች ተኛች። እሷ አልጸለየችም። ግን አርማኛለች።

ድምፅ አልባ ጸሎት

ሁላችሁም ስለሚናገሩ ልጆች ነው የምታወሩት። የእኔ ልጅ 10 ዓመቱ ነው፣ አይናገርም። ኦቲዝም አለበት። ጸሎት ማስተማር እፈልጋለሁ። ያለ ቃል ይሆናል?

የሕፃናት ክፍል መምህር

ይሆናል እንጂ! በቤተ ክርስቲያናችን ወንድ በ40፣ ሴት በ80 ቀን ተጠምቀው ያን ዕለት ይቆርባሉ። ስንቱን ቃል ተናግረው ነው? ቤተ ክርስቲያን አፍ እስኪፈቱ ጠብቁ አላለችም። ልጅሽ የሚወደው ምንድን ነው? ጧፍ ማብራት? ሥዕሉን መሳለም? ደወል መስማት? ከአንዱ ጀምሪ። በየቀኑ በአንድ ሰዓት፣ በአንድ ቦታ ይሁን። እንዲህ ያሉ ልጆች የለመዱት ሲዛነፍ ይረበሻሉ፤ አንቺ ከእኔ የበለጠ ታውቂዋለሽ። ሥዕሉን ከተሰቀለበት አታንቀሳቅሺው። እጁን ይዘሽ አማትቢለት። አንድ ቀን ራሱ እጅሽን ይስብ ይሆናል። ባይስብም ጸሎት ነው።

ድምፅ አልባ ጸሎት

ጧፍ ይወዳል። እሳቱን አፍጥጦ ነው የሚያየው። እኔ ግን አደጋ እንዳይሆን ብዬ እደብቀው ነበር። ከፍ አድርጌ አሸዋ ያለበት ጣሳ ላይ ተክዬ አብሬው እቆማለሁ።

ዝም ያለ ሰው

ይህን ክር ከላይ እስከ ታች አነበብኩት። የሐዋሳውን ልጅ የኳስ ጸሎት ሁለቴ።

የሳሪሷ እናት

ወይ ጉድ፣ ክሩ የት ደረሰ! እኔም ወሬ አለኝ። የመምህርን ሐሳብ ይዤ «ከክፉ ሁሉ አድነን»ን መብራት ሲጠፋ ጀመርን። ትንሿ ወዲያው ያዘችው። አሁን መብራት እንዲጠፋ ትመኛለች፤ እሱ ነው ችግሩ። ትልቁ ደግሞ የምሳ ሰዓቱን «ጓደኞቼ ይስቁብኛል» አለ። ባለቤቴ «ኪስህ ውስጥ በጣትህ መስቀል ሥራ፣ ማን ያይሃል?» አለው። ከእሱ ይህን አልጠበቅኩም። ማታም አሁን ቅደም ተከተል አለን። መጀመሪያ የአባቶች ጸሎት፣ ማንም አያቋርጥም። ከዚያ የትንሿ ሰዓት ነው። ባለቤቴ «ወሬ» ነው የሚለው፤ ግን ቁጭ ብሎ ያዳምጣል። ትናንት የወለቀው ጥርሷ የት እንደተጣለ ለእግዚአብሔር ስትገልጽ ትልቁ ብርድ ልብሱ ውስጥ ሆኖ «ጣሪያ ላይ አይደለም፣ ጎረቤት ግቢ ነው የወደቀው» ብሎ አስተካከለላት።

አንድ ጥያቄ ብቻ ቀረኝ። ውዳሴ ማርያም ለልጅ የሚሆን፣ ፊደሉ ትልልቅ የሆነ፣ ግዕዙና አማርኛው ጎን ለጎን ያለበት የት አገኛለሁ?

ወለተ ሚካኤል

በየቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ንዋያተ ቅድሳት የሚሸጡት ጋ አይጠፋም። ኪስ ውስጥ የሚገባውን ትንሹን እንዳትገዢ፤ ፊደሉ ለእኔም አይታየኝም። ከፍተሽ አይተሽ ግዢ። አንዳንዱ ግዕዙን ብቻ ነው የያዘው።

ቡና ቢሉ

ሁለት ግዢ። አንድ ከሆነ ይጣሉበታል።